የታቶው ዘውድና የማልታው ጭልፊት

ባለፈው ኅዳር ወር፥ የቡናው ለቀማ በተጋመሰበት ሰሞን፥ ከቦንጋ ተነሥተን ወደ ማንኪራ ሄደን ነበር። ማንኪራ የቡና እናት የምትባለው ዛፍ የምትገኝበት፥ ቡናውም በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱን እየዘራ የሚበቅልበት ደን መሆኑን ክቡራን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ፤ ዩኔስኮም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. የካፋን ደን ከዓለም የተጠበቁ የሕይወት ክልሎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። እኛ ግን የሄድነው ደኑን ለመጎብኘት ሳይሆን፥ የዱሮ ወዳጃችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ በቤታቸው ለተነሣው ክርክር ዳኛ እንድንሆን ስለ ጠሩን ነው። ክርክሩ የርስት ወይም የጋብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ገጽ ባላወጣነው ነበር፤ ነገሩ ስለ ሲኒማ ሆነና፥ በብዙ የመኳንንትና የሹማምንት ቤትም ልጆች እንዲህ ያለ አሳብ እንደሚያነሡ ስለምናውቅ፥ የቤቱን ስም ሳንጠራ ልንጽፈው ፈቃድ ተቀበልን።

የቤቱ አባት በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን አገልግለው በጡረታ ያረፉ ሰው ናቸው። የበኵር ልጃቸው አዲስ አበባ ተምሮ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ያገለግላል፤ ማታ ማታ ግን አንድ የአሜሪካ የወንጀል መርማሪ ታሪክ ለሲኒማ እንዲሆን አድርጎ በአማርኛ ሲጽፍ ከርሟል። ታሪኩንም ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አንሥቶ ቦንጋ ላይ አስቀምጦታል። አባትየውም የዘንድሮውን የቡና ሽያጭ ገንዘብ ለዚሁ ሥራ ሊረዱት ቃል ሰጥተው ነበር። አንድ ቀን ማታ ልጁ ጽሑፉን ለቤተ ሰቡ ጮክ ብሎ ሲያነብ፥ ሰዎች የሚገዳደሉበት ውድ ዕቃ የካፋ ነገሥታት የታቶዎች ዘውድ መሆኑን፥ በመጨረሻም ዘውዱ በቢላዋ ሲፋቅ እርሳስ ሆኖ መገኘቱን ሰሙና ስኒያቸውን አስቀምጠው፥ «የታቶ ዘውድ እርሳስ ነው ብለህ ልትጽፍ ነው? ያውም በእኔ ቡና?» አሉት። ከዚያ ወዲህ የገንዘቡ ነገር በዚያ ቤት አልተነሣም።

ልጁ መሠረት ያደረገው መጽሐፍ «የማልታው ጭልፊት» የሚባለው ነው። ደራሲው ሚስተር ዳሺል ሐሜት መጽሐፍ ከመጻፉ በፊት ፒንከርተን በሚባለው የግል መርማሪዎች ድርጅት ተቀጥሮ ሰው ሲከታተል የኖረ ሰው ነበር። ታሪኩ በመጀመሪያ «ጥቁር ጭንብል» በሚባል ርካሽ መጽሔት በክፍል በክፍል ወጣ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. ደግሞ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። የዚህን ዓይነት ታሪክ ከእንግሊዙ ከሼርሎክ ሆልምስ ታሪክ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ሆልምስ የትንባሆ ዐመድ አይቶ ወንጀለኛውን የሚያውቅ ጠቢብ ነው። የአሜሪካው መርማሪ ግን ደመወዙን በቀን ቆጥሮ የሚቀበል፥ የሚመታና የሚማታ፥ ፖሊሱንም ሀብታሙንም የማያምን ልበ ደረቅ ሰው ነው፤ አገሩ ሰዎች ይህን ሰው እስኪጠነክር ድረስ በተቀቀለ እንቁላል ይመስሉታል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው መርማሪ ሳም ስፔድ ይባላል። አንዲት ሴት በሐሰት ስም ወደ ቢሮው መጥታ እርዳኝ ትለዋለች፤ የሥራ ባልደረባው በዚያው ሌሊት ይገደላል፤ ቀጥሎም ብዙ ሰዎች አንድ ጥቁር የጭልፊት ምስል ሲሹ እርስ በርሳቸው ይከዳዳሉ። የምስሉ ነገር ከእውነተኛ ታሪክ የተቀዳ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1530 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ የማልታን ደሴት ለቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች ሲሰጥ፥ በየዓመቱ አንድ ጭልፊት ግብር እንዲከፍሉ አዝዞ ነበር። በታሪክ ያለው ግብር ሕይወት ያለው ወፍ ነው፤ ሐሜት ግን በመጀመሪያው ዓመት የወርቅና የዕንቍ ምስል እንደ ተላከ፥ በባሕር ላይም እንደ ተዘረፈ አድርጎ ጻፈ። በመጨረሻ ምስሉ ሲገኝና ሲፋቅ ሁሉም የተገዳደሉለት ነገር እርሳስ ሆነ።

ዋርነር ብራዘርስ የተባለው የፊልም ኩባንያ ይህን መጽሐፍ በ10 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ለሲኒማ አደረገው፤ ለጀማሪ ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ቤት አይገኝም ብለን እናምናለን። የመጀመሪያው በ1931 ሮይ ዴል ሩት ያዘጋጀው ነው፤ ታሪኩን ጠብቋል፥ ነገር ግን መርማሪውን ሴት እያሳደደ የሚስቅ ጎረምሳ አድርጎታል። ከ1934 ጀምሮ የሲኒማ ጨዋነት ሕግ በጠነከረ ጊዜም ይኸው ፊልም እንደ ገና እንዲታይ አልተፈቀደለትም። ሁለተኛው በ1936 «ሰይጣን ከወይዘሮ ጋር ተገናኘ» በሚል ስም ወጣ። (አያቶቻችን በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ «የሰይጣን ቤት» ብለው መሰየማቸው በዚህ ጊዜ ትዝ አለን።) በዚህኛው ጭልፊቱ ቀርቶ የጥንቱ ጀግና የሮላን ቀንደ መለከት ተተካ፤ ስሞቹ ሁሉ ተለወጡ፤ ነገሩም ወደ ቀልድ ዞረ። ዋናዋ ተጫዋች ቤቲ ዴቪስ እንኳ ፊልሙን አልወደደችውም።

ሦስተኛው በ1941 የወጣው የጆን ሂውስተን ፊልም ነው። ሂውስተን እስከዚያ ድረስ የሌሎችን ፊልም የሚጽፍ እንጂ ራሱ አዘጋጅቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ሲነገር እንደምንሰማው ለጸሐፊው መጽሐፉን ሰጥቶ፥ ንግግሩን እንዳለ እየያዘች በየትዕይንቱ ከፋፍላ በመኪና እንድትጽፈው አዘዘ፤ የኩባንያውም አለቃ ይህን አንብቦ «በዚህ ሥራ» አለው። ወሬው ሙሉ በሙሉ እውነት ቢሆንም ባይሆንም፥ ፊልሙን ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቶ ላነበበ ሰው ብዙው ንግግር ከገጹ የተነሣ መሆኑ ግልጽ ነው። ታሪኩን እንዲህ መጠበቅ የተቻለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሐሜት በመጽሐፉ ሁሉ ስፔድ ያሰበውን አንድ ጊዜ እንኳ አይነግረንም፤ የሚነግረን ሲጋራውን እንዴት እንደ ጠቀለለ፥ ፊቱ እንዴት እንደ ተለወጠ፥ ምን እንዳለ ብቻ ነው። ደራሲው ካሜራው ሊያየው የሚችለውን ብቻ ጽፎ ስለ ነበረ፥ ሂውስተን ከሥራው እኵሌታውን ተሠርቶ አገኘው።

ይህ ማለት ግን ምንም አልተጣለም ማለት አይደለም። በመጽሐፉ መካከል ስፔድ ለሴትዮዋ ስለ አንድ ሰው ይነግራታል፤ ሰውየው በመንገድ ሲያልፍ ከሕንጻ ላይ የወደቀ ብረት ለጥቂት ስለ ሳተው፥ ቤቱንና ሚስቱን ጥሎ ጠፋ፤ ከዓመታት በኋላ ሲገኝ ግን በሌላ ከተማ ያንኑ የመሰለ ኑሮ መሥርቶ ተቀምጦ ነበር። ብዙ አንባቢ የመጽሐፉ ልብ ይህ ነው ይላል። ሂውስተን ግን አውጥቶ ጣለው። እኛ መጽሐፉን በምናነብበት ጊዜ ይህን ጨዋታ እንወደዋለን፤ ፊልሙን ስናይ ግን እንደ ጎደለ አናስታውሰውም። የመርማሪው መልክም እንደ መጽሐፉ አይደለም፤ ሐሜት የጻፈው ረጅምና ጸጉሩ ወርቅማ የሆነ ሰው ነው፤ የተጫወተው ሐምፍሪ ቦጋርት ግን ጥቁር ጸጉር ያለው፥ ቁመቱም መካከለኛ የሆነ ሰው ነበር። ዛሬ ስፔድ ሲባል ከቦጋርት ሌላ ፊት የሚታየው ሰው የለም።

ይህን ሁሉ ለወዳጃችን ልጅ ስንነግረው ደስ አለው፤ ደስታው ግን ጽሑፉን አምጥቶ እስኪያሳየን ድረስ ብቻ ቆየ። በየገጹ ላይ መርማሪው ለራሱ ያወራል። በቦንጋ ገበያ ሲሄድ፥ ዝናቡ ሲመታው፥ ቆጮ ሲቀርብለት ሳይቀር፥ ከመጋረጃው በስተጀርባ ድምፁ እየተሰማ ኀዘኑን ይተርካል። «ይህን ከየት አመጣኸው? በመጽሐፉ የለም እኮ» አልነው። «ጋሼ፥ የመርማሪ ፊልም ሁሉ እንዲህ አይደለም?» ብሎ መለሰልን።

ይህ ልማድ የመጣው ከሌላው ታላቅ ደራሲ ከሬይመንድ ቻንድለር ነው። የቻንድለር መርማሪ ፊሊፕ ማርሎ ታሪኩን በራሱ አፍ «እኔ» እያለ ይናገራል፤ የመጽሐፉም ጣዕም ከወንጀሉ ይልቅ በአነጋገሩ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለሲኒማ ማድረግ ከሐሜት መጽሐፍ እጅግ ይከብዳል፤ ብዙዎችም በየመንገዱ ሞክረዋል። በ1947 ሮበርት ሞንትጎመሪ «የሐይቁ እመቤት» የሚባለውን የቻንድለር መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ካሜራውን የመርማሪው ዐይን አደረገው፤ ሰው ሲመታው ቡጢው ወደ ተመልካቹ ይመጣል፥ መርማሪውም የሚታየው በመስተዋት ፊት ሲቆም ነው። ብልኀቱ ለጥቂት ጊዜ ያስደንቃል፥ ከዚያ በኋላ ግን ያደክማል። መጽሐፍ «እኔ» ሲል አንባቢው የተናጋሪውን ልብ ይዞ ይሄዳል፤ ካሜራ «እኔ» ሲል ግን ተመልካቹ የተናጋሪውን ፊት ያጣል፤ ፊት በሌለበትም ልብ አይታወቅም። ሐዋርድ ሆክስ በ1946 «ታላቁ እንቅልፍ» የተባለውን የቻንድለርን መጽሐፍ ባዘጋጀ ጊዜ ይህን ሁሉ ትቶ መርማሪውን በትዕይንቱ ሁሉ ማለት ይቻላል አስገባው፤ እርሱ ያላየውን እኛም አናይም፤ «እኔ» የሚለው ቃል ሳይነገር ተነገረ።

ድምፁን ማስገባት ግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ። ቢሊ ዋይልደር በ1944 ከቻንድለር ጋር ሆኖ የጄምስ ኬንን «ድርብ ካሣ» የሚባል የወንጀል ታሪክ ሲጽፍ፥ ወንጀለኛው የኢንሹራንስ ሠራተኛ በሌሊት ወደ ቢሮው ገብቶ፥ ቆስሎ ሳለ፥ ለአለቃው የሚተው ቃል ድምፅ በሚቀርጽ መኪና ላይ ሲናገር አሳየ። ድምፁ የሚናገረው ለአንድ ሰው ነው፤ የሚናገርበትም ምክንያት አለው። በዚያው ሥራ ላይ የኬን ንግግር ለዐይን እንጂ ለጆሮ አለመጻፉ ታወቀ፤ ተጫዋቾች ተጠርተው ከመጽሐፉ ሲያነቡት ከአፋቸው አልወጣ አለ፤ ስለዚህ እንደ ገና ተጻፈ። የአገራችን ሰው ድምፅ ለመጽሐፍ ምን እንደሚያደርግ ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ሰው የተማረው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ሰምቶ ነው። ነገር ግን ሬዲዮ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሥዕል ባለበት ቦታ ድምፅ ሥዕሉን የሚደግመው ከሆነ አንዱ ትርፍ ነው። ለልጁም ድምፁን ሁሉ እንዲያወጣና በጆሮ የሚሰማውን ንግግር ብቻ ለእናቱ እንዲያነብላቸው መከርነው።

እናቲቱ ብልኅ ሴት ናቸው። ቡናውን እያፈሉ፥ እሳቱን እየቆሰቆሱ፥ በመካከል አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ያ ሾፌሩን የገደለው ማነው?» አሉ። ልጁ ዝም አለ። ከቻንድለር መጽሐፍ የተማረውን ሾፌር በራሱ ታሪክ ጨምሮ፥ በጎጀብ ወንዝ ውስጥ ሞቶ እንዲገኝ አድርጎ፥ ገዳዩን ግን ረስቶት ኖሯል። እኛም ሳቅን፤ ምክንያቱም ይኸው ጥያቄ በሆሊውድም ተጠይቆ ነበር። «ታላቁ እንቅልፍ» ሲዘጋጅ፥ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ዊልያም ፎክነር፥ ሌላዋም ሊ ብራኬት ሆነው ሳለ፥ ሾፌሩን ማን እንደ ገደለው ሊያገኙ ስላልቻሉ ለቻንድለር ለራሱ ቴሌግራም ተላከለት፤ እርሱም እኔም አላውቅም ብሎ መለሰ ይባላል። ይባስ ብሎ ፊልሙ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነገሩን የሚያብራራው ትዕይንት ወጥቶ በቦጋርትና በሎረን ባኮል ጨዋታ ተተካ፤ ሕዝቡም በዚያው ወደደው። ልጁ ይህን ሲሰማ «እንግዲህ እኔም ልተወው እችላለሁ» አለ። እናቱ ግን፥ «እነርሱ ረስተውት ሰው ከወደደላቸው ይሁን፤ እኔ ግን የዚያ ሾፌር እናት ምን እንደ ሆነች ሳላውቅ አልተኛም» አሉት። እኛ በዚህ ነገር ከሆሊውድ ይልቅ ከወይዘሮዋ ጋር ነን።

ስለ መጨረሻው ትዕይንትም እንዲሁ ሆነ። በመጽሐፉ ስፔድ የወደዳትን ሴት ባልደረባውን የገደለች እርሷ በመሆኗ ለፖሊስ አሳልፎ ይሰጣታል። ባልደረባውን አይወደውም ነበር፤ እንዲያውም ስለ ገጻችን ጨዋነት የማንዘረዝረው በደል በድሎታል፤ ቢሆንም የባልደረባ ደም ዝም አይባልም ይላል። የወዳጃችን ልጅ ግን መርማሪው ሴትዮዋን በአውቶቡስ አሳፍሮ ወደ ጅማ እንዲሸኛት አድርጎ ነበር፤ «ተመልካቹ ፍቅር ይወዳል» ብሎ ነው። መጨረሻን መለወጥ ኃጢአት አይደለም፤ ሮበርት ኦልትማን በ1973 «ረጅሙ ስንብት» የተባለውን የቻንድለር መጽሐፍ ሲያዘጋጅ፥ በመጽሐፉ መርማሪው ከከዳው ወዳጁ ጋር ተለያይቶ የሚቀረውን፥ በፊልሙ በጥይት እንዲገድለው አደረገ፤ ብዙዎች ተቈጡ፥ ብዙዎችም አመሰገኑ። ኦልትማን ግን የለወጠው ነገሩን ይበልጥ እንዲመርር ነው። ሴትዮዋን ወደ ጅማ መሸኘት ጽዋውን በማር መለወጥ ነው፤ የካፋ ማር ምንም ቢጣፍጥ ለዚህ አይሆንም።

ዋናው ጉዳይ ግን የዘውዱ ነገር ነበር። የካፋ መንግሥት የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፈው መያዛቸው፥ ዘውዱም ከእጃቸው ወጥቶ ወደ አውሮፓ ከተሻገረ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ወደ አገሩ መመለሱ የታወቀ ነው። ልጁ ይህን ታሪክ ለማልታው ጭልፊት ምትክ አድርጎ መምረጡ ሞኝነት እንዳልሆነ ለአባቱ ነገርናቸው፤ ሐሜትም የያዘው እውነተኛ ግብር፥ እውነተኛ ዓመት፥ እውነተኛ ንጉሠ ነገሥት ነው፤ ልብ ወለድ የሚያምረው ከእውነት ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል ነው። በሕግ በኩልም ክስ እንደማያገኘው አስረዳናቸው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን መብት ከዕረፍቱ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል፤ ሐሜት ደግሞ በ1961 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ሞተ በአገራችን ዘመኑ አልፏል። በአሜሪካ ግን መጽሐፉ እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ የተጠበቀ ነበር፤ ፊልሞቹም ራሳቸውን የቻለ መብት ስላላቸው ከእነርሱ ምንም እንዳይወስድ አስጠነቀቅነው።

አባትየው ሁሉን በትዕግሥት ሰምተው፥ «ሕጉን ተውት። እኔ የምጠይቅዎ ሌላ ነው። የማልታ ሰዎች ጭልፊታቸው እርሳስ ነው ሲባል ተቈጡ?» አሉን። አልተቈጡም ብለን ልንመልስ ነበር፤ ነገር ግን ቆም ብለን ስናስብ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የወርቁ ጭልፊት ከቶ አልነበረም፤ ማንም በራሱ ላይ ደፍቶት፥ ማንም አጥቶት አላለቀሰም። ዘውዱ ግን ነበረ። በዚህም የተነሣ ለልጁ የመከርነው ዘውዱን ትቶ ሌላ ዕቃ እንዲፈልግ ነው፤ ምክራችን ግን ጽሑፉን እንደሚያደኸየው ታውቆናል። ልጁም ራሱን አቀርቅሮ ገጾቹን መሰብሰብ ጀመረ።

ያን ጊዜ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው የቆዩት አባት፥ «ቆይ» አሉት። «ሐሰተኛ ዘውድ የሚሠራ ሌባ አይታጣም። ያንተ ሌቦች የያዙት ሐሰተኛው ይሁን፤ እርሳስም ይሁን። ግን በቢላዋ አይፈቅ። አዲስ አበቤው ነጋዴና ፈረንጁ ገዢ ለዓመታት ሲገዳደሉለት ቆይተው፥ አንድ የማንኪራ ሽማግሌ ቡናውን እየጠጣ ከሩቅ ያየውና ይሣቅ።»

ልጁ እርሳሱን አነሣ። እኛም በልባችን ከሐሜት ቢላዋ የሽማግሌው ሣቅ እንደሚበልጥ፥ ለሲኒማም ይበልጥ እንደሚመች ፈረድን፤ ለዚህ ንግግር አያስፈልግም፥ ድምፅም አያስፈልግም፥ አንድ ፊት ይበቃል። ለአንባቢዎቻችን በዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፤ ለ1941ዱ ፊልም ከእርሳስ የተሠራው ያ ጭልፊት በ2013 በኒውዮርክ ከተማ በጨረታ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ይህን ስንነግራቸው ሽማግሌው አላመኑንም።

ስለ ቡናው ገንዘብ በዚያ ምሽት ማንም ምንም አላነሣም። በረካው ሲቀዳ ግን አባትየው ወደ ልጃቸው ዞረው፥ «ያን ሽማግሌ የምታስገባበትን ቦታ እንደ ገና አንብብልኝ እስቲ፤ ቀስ ብለህ» አሉት።